የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ፣ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ

ኅዳር 14፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጀመርን። ተማሪዬ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቤታቸው ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ነው። ከፊት እናቷ የሚሠሩበት ትንሽ ሱቅ አለ፣ መኖሪያቸው ከኋላ ነው። እናቷን እትዬ እላቸዋለሁ። አያቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። ገና ከበር ሳልገባ «የኔታ፣ ይግቡ ይግቡ» ብለው ተቀበሉኝ። የኔታ የሚባለው ማን እንደሆነ ጎንደር ላይ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ስሙ ከበደኝ። እሳቸው ዘንድ ግን ልጅ የሚያስተምር ሁሉ የኔታ ነው።

እትዬ ሳልቀመጥ የፈተና ወረቀት አመጡልኝ። ከ20፣ 5። «ልጄ ሰነፍ አይደለችም» አሉኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ታጠናለች። ሒሳብ ላይ ምን እንደነካት ግን እንጃ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። «ጋሼ፣ እኔ ሒሳብ አይገባኝም» አለችኝ። ስሟን የምትነግረኝ ያህል ነው ያለችው፣ ያለቀለት ነገር አድርጋ።

ዛሬ ምንም አላስተማርኳትም። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ካለው ትምህርት አሥር ጥያቄ መርጬ ሰጠኋት። አንድ ሕግ ብቻ አወጣሁ፦ ላጲስ የለም። የተሳሳተውንም ማየት እፈልጋለሁ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ መልሶቿን አየሁ። ማባዛት ላይ ጎበዝ ናት። ረጅም ማካፈልም ትችላለች። ከዚያ ግን እንዲህ ይላል፦

1/2 + 1/3 = 2/5

-3 - 5 = 8

3ሀ = 12፣ ስለዚህ ሀ = 9

(ኤክስን ስታይ እጇ ስለሚቆም ለጊዜው በ«ሀ» ተክቼዋለሁ።)

ሦስቱም እንዲሁ በግምት የመጡ አይደሉም። ልጅቷ ሕግ እየተከተለች ነው፤ ሕጉ ነው የተጣመመው። ይህን ሳይ ተስፋ አደረግኩ። ዝም ብሎ ከሚገምት ልጅ ይልቅ የተጣመመ ሕግ የያዘን ልጅ መርዳት ይቀላል።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። እትዬ ወጣ ብለው ነበርና ሱቁን የያዘችው ልጅቷ ናት። አንዲት ደንበኛ ግማሽ ኪሎ ስኳር አዘዘች። ልትከፍል ስትል «ቆይ፣ ሩብ ጨምሪበት» አለች። ልጅቷ የሦስት ሩቡን ዋጋ በቃሏ አስልታ መልስ ሰጠቻት። ካልኩሌተር አልነካችም። ወረቀት አልፈለገችም።

ገብተን ስንቀመጥ ደብተሯ ላይ 1/2 + 1/4 ጻፍኩላት። ወዲያው 2/6 አለች።

«አቃልይው እስቲ።»

«አንድ ሦስተኛ።»

«ግማሽ ኪሎ ስኳር ላይ ሩብ ጨመርሽና ሲሶ ኪሎ ሆነ። ሴትዮዋ ምን ትልሻለች?»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ትጣላኛለች» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ይኼና ያ አንድ ነው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ቃል በቃል የጻፍኩት እንዳልረሳው ነው። የሱቁ ሩብና የደብተሩ 1/4 ለእሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ሚዛን ላይ የሚታይ ነው። ሌላው ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ መደመር።

ክፍልፋይ መቼ እንደተማረች ጠየቅኳት። አራተኛ ክፍል ጀምረው ነበር፣ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ አራተኛ ክፍል ነበረች። ተመልሳ ስትቀመጥ አምስተኛ ክፍል ነች፣ መምህሩም ክፍልፋይን እንደሚታወቅ ነገር ይዘው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የተማረችው ሒሳብ ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የተሠራ ነው።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ዓርብ ክፍል ውስጥ ፈተና አላት። እትዬ «ክፍልፋዩ ይቆይና የፈተናውን አሳያት» አሉኝ። ጭንቀታቸው ገባኝ፤ እሺ አልኩ። ስለ ካሬ ሥር ሁለት ሰዓት ሠራን። እኔ ሕግ ነገርኳት፣ እሷ ጻፈች። ስትጽፍ ፊቷን እያየሁ ነበር። ምንም አልገባትም፤ ግን «ገባሽ?» ስላት «አዎ ጋሼ» አለች። ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» ማለት ነውር የሚመስላት ልጅ ናት። «ገባሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። በምትኩ «እንዴት አሰብሽው?» እላለሁ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

እትዬ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ስለ ገና ቅርጫ እየተነጋገሩ ደረስኩ። ጾሙ ገና አንድ ወር አለው፣ ስለ በሬው ግን ከአሁኑ ይታሰባል። እኔም ያን ወሬ ወደ ደብተሩ ወሰድኩት።

በሬው በ12 መደብ ተመደበ እንበል። ከአንዱ መደብ አንድ ቤት ግማሹን ወሰደ። ሌላ ቤት ሲሶውን። ስንት ተወሰደ? እንደ ልማዷ 2/5 ልትጽፍ እጇን ዘረጋችና ቆመች። ግማሹ ብቻውን ከዚያ እንደሚበልጥ አሁን ታያት። እንዳላየ ሆኜ ጠበቅኩ።

መደቡን በስድስት እኩል ቁራጭ አስከፈልኳት። ግማሹ ሦስት ቁራጭ ነው። ሲሶው ሁለት። አንድ ላይ አምስት ቁራጭ፣ ማለትም 5/6። «ለምን ስድስት?» ስላት ትንሽ አስባ «በአምስት ብንቆርጠው ግማሹ አይወጣም» አለች። ልክ ነው። የታቹ ቁጥር የቁራጩን መጠን ይነግረናል፣ የላዩ ስንት ቁራጭ እንዳለን። መጠናቸው የተለያየ ቁራጮችን አንድ ላይ መቁጠር ሁለት በግና ሦስት በሬ ደምሮ አምስት በሬ እንደማለት ነው።

ይህን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ሠራነው። ማስመሪያና መቀስ ከማንኛውም ገለጻዬ የተሻለ አስረድተዋል። አሥራ አራት ድምር ሰጥቻት አሥራ ሁለቱን አገኘች።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

የዓርቡ ፈተና ውጤት መጣ። ከ10፣ 3። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከታች ያልቆመ ነገር ላይ ሕግ ልደረድርባት ሞከርኩ። እትዬን ቁጭ ብለን እንድንነጋገር ለመንኳቸው። «እስከ ገና ድረስ የክፍሏን ትምህርት አልነካም፤ ውጤቷ ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላል። ይታገሱኛል ወይ?» አልኳቸው። አያቷ ቀደሟቸው፦ «ፊደል ሳይለዩ ዳዊት አይደገምም፤ ተያት፣ የኔታ እንዳሉት ያድርጉ።» እትዬም እሺ አሉ።

ከዚያ ወደ -3 - 5 = 8 ሄድን። እንዴት አሰብሽው? «ኔጋቲቭ እና ኔጋቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል» አለች። ሕጉ የማባዛት ነው። ልጆች ላይ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ ይህ የሚበዛ ይመስለኛል፤ ዜማው ጆሮ ላይ ይቀራል፣ የት እንደሚሠራ ግን ይረሳል።

የሱቁን የዱቤ ደብተር አስመጣሁ። አንድ ሰው የ30 ብር ዕዳ አለበት። ዛሬ ደግሞ የ50 ብር ዕቃ በዱቤ ወሰደ። «እናትሽ አሁን 80 ብር ይሰጡታል ወይስ ይቀበሉታል?»

«ይቀበሉታል እንጂ!»

ስለዚህ -30 - 50 = -80። ጻፈችው። ከዚያ ትንሽ ከበድ ያለውን አመጣሁ። እትዬ ከዚያ ዕዳ 50ውን ሰረዙለት። ዕዳ ሲነሳለት ሰውዬው ምን ሆነ? -80 - (-50) = -30። ዕዳ መሰረዝ እንደ ማግኘት መሆኑን ማንም ሳይነግራት ታውቀው ነበር። ከደብተሩ ምልክት ጋር ግን አላገናኘችውም ነበር።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬ «ማሻገር» የሚለውን ቃል ከለከልኩ።

እኛም የተማርነው እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል። 3ሀ = 12 ላይ 3ቱን አሻገረችውና -3 ሆነ፤ 12 - 3 = 9። የተነገራትን ነው ያደረገችው! «ማሻገር» አቋራጭ መንገድ ነው። መንገዱን ለሚያውቅ ጥሩ፣ ለማያውቅ ገደል።

ሱቁ ውስጥ አሮጌ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለ። በአንድ በኩል ሦስት ተመሳሳይ ሳሙና አስቀመጥን፣ በሌላው 600 ግራም። እኩል ቆመ። አንዱ ሳሙና ስንት ነው? «200» አለች ሳታመነታ። ምን አደረግሽ? «ለሦስት አካፈልኩት።» አልቀነስሽም? «ለምን እቀንሳለሁ?»

3ሀ = 12 ስር አስጻፍኳት፦ ሁለቱንም ወገን ለ3። ቀጥሎ ሁለት ሳሙናና 100 ግራም፣ በወዲያ 500። መጀመሪያ ከሁለቱም ሳህን 100 አነሳች፣ ከዚያ ለሁለት አካፈለች። የሚያነሳው እጇ ነው፤ ሚዛኑ እንዳይዘነበል ስለምትፈራ ሁልጊዜ ከሁለቱም ወገን ታነሳለች። መብራት ጠፍቶ በሻማ ጨረስን። «ሀ»ን ዛሬ ተሰናበትናት፤ ከዚህ በኋላ ኤክስ ነው። ኤክስ ያንን ሳሙና መሆኑን ነግሬያታለሁ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

የቋንቋውን ነገር ብዙም አላሰብኩበትም ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ አንድ ጥያቄ «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር» ይላል፣ እሷ 5 - ኤክስ ጻፈች። በቅደም ተከተል ነው ያነበበችው። በአማርኛ አስባልኳት፦ «ከአንድ ቁጥር አምስት የሚያንስ።» በእኛ አነጋገር ቁጥሩ ይቀድማል፣ አምስቱ ይከተላል። ኤክስ - 5 ራሱ ወጣ።

«አት ሊስት» ደግሞ በሌላ መንገድ አሳሳታት። «ቢያንስ» ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ውስጡ «ማነስ» ስላለ የ«ያንሳል» ምልክት አደረገችበት። ምልክቱን ትተን ሰዎችን አሰለፍን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለማለፍ ቢያንስ 50 በመቶ ያስፈልጋል። 50 ያመጣ ያልፋል? ያልፋል። 49? አያልፍም። 80? ያልፋል። ስለዚህ ከ50 ጀምሮ ወደ ላይ። ማንኛውንም እንዲህ ያለ ጥያቄ ስታገኝ መጀመሪያ ሦስት ቁጥር እንድትሞክር ተስማማን።

ታኅሣሥ 29

ገና። አልተገናኘንም። እትዬ ከቅርጫቸው ላኩልኝ።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

የ(ኤክስ + 3) ካሬ። እሷ ኤክስ ካሬ ሲደመር 9 አለች። ኤክስን 10 አድርጊው አልኳት። የ13 ካሬ 169 ነው፤ በእሷ መንገድ 109 ይመጣል። 60 የት ገባ? አራት ማዕዘን ሥላ ፈለገችው፤ ጎንና ጎን ላይ 10 በ3 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ተረስተው ነበር። በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ሚካኤል። ታቦታቱ ወርደው የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያውን በነጭ ሲሞላ ጎንደር ላይ ስለ ሒሳብ የሚያወራ የለም። እኛም ዐረፍን።

ዛሬ ቡና እየተጠጣ አያቷ «ነነዌ ዘንድሮ የካቲት 3 ትገባለች» አሉ። ልጅቷ «ካህናቱ ግን በምን ያውቁታል?» ብላ ጠየቀች። እሳቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። «የኔታ ይንገሩሽ።»

ደግነቱ ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ተምሬያለሁ። ደብተር አወጣን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2017 ሲደመር 7517። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 12 ይተርፋል። አንድ ሲነሳ ወንበር 11። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 121፤ በ30 እየተገደፈ 1 ይቀራል፣ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 209፤ በ30 ተገድፎ 29፣ ይህ መጥቅዕ። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ላይ ይውላል። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33። 30ው ሲገደፍ 3። የካቲት 3።

አያቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንዲያ ነው፣ እንዲያ ነው» ይላሉ። ልጅቷ ግን ሌላ ነገር አየች። «አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29። ድምሩ 30 ነው። ሁልጊዜ ነው?»

«ራስሽ ሞክሪው።»

የ2016ን ሠራች፦ ወንበር 10፣ አበቅቴ 20፣ መጥቅዕ 10። 30። የ2018ን ሠራች፦ ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። 30። ቡናው ቀዘቀዘባት። «ለምን?» አለች። በሁለት ወር ውስጥ ራሷ አንስታ «ለምን?» ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ወንበርን «ወ» እንበለው አልኳት። አበቅቴ ከ11ወ ይመጣል፣ መጥቅዕ ከ19ወ። ደምሪያቸው። 30ወ ጻፈችና አፏን በእጇ ያዘች። 30 በምንም ቢባዛ በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ሁለቱ ትራፊዎች ሲገናኙ 30 መሙላት አለባቸው። (ወንበሩ ባዶ ሲሆን አበቅቴ የለም፤ ያኔ መጥቅዑ ራሱ 30 ነው።)

ተመሳሳይ ነገሮችን መሰብሰብ የሚባለውን የአልጀብራ ትምህርት መጽሐፉ ሲያስተምር ፍሬ የሌለው ልምምድ ይመስላል። ዛሬ ግን አያቷ ዕድሜ ልካቸውን የሚጾሙት ጾም ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ወደ ቤቴ ስሄድ ባጃጅ አልያዝኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። ደስታዬ ለመቀመጥ አልመቸኝም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ከቤት አወጣኋት። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን ወደ ፋሲል ግቢ አጥር ሄድን። የመብራት ምሰሶ ቁመት ሳንወጣበት እንለካለን አልኳት።

የመጀመሪያው ምሰሶ ጥላ መሬት ላይ ሳያልቅ አጥሩ ላይ ወጣ። እንደዚያ አይለካም፤ ለምን እንደማይለካ እሷ ናት የነገረችኝ። ገላጣ ቦታ ላይ ያለ ሌላ ምሰሶ ፈለግን። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የእሷ ቁመት 1.52 ሜትር፣ ጥላዋ 1.14። የምሰሶው ጥላ 6.3 ሜትር።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ 152/114 ጻፈች። ለሁለት አቃለለችው፦ 76/57። እዚህ ላይ ይቆማል ብዬ ነበር። እሷ ግን «57 እኮ 19 ሲባዛ በ3 ነው» አለች። «ማክሰኞ ስንት ጊዜ በ19 አባዛን!» 76ም 19 ሲባዛ በ4 ነው። 4/3 ሆነ። የማንኛውም ነገር ቁመት የጥላው 4/3 ነው ማለት ነው፣ በዚያች ሰዓት። 6.3 ለሦስት 2.1፣ በአራት ተባዝቶ 8.4 ሜትር።

ከዚያ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ መለካት ጀመረች። ጥድ፣ በር፣ የሰው ጥላ። አንድ አስጎብኚ ቆሞ አየንና ምን እንደምንሠራ ጠየቀ። ያስረዳችው እሷ ናት። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

የመንፈቅ ዓመቱ ማጠቃለያ ወረቀት ተመለሰ። ከ50፣ 27። እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩትና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ አልነበረም። አንድ የእኩልታ ጥያቄ ላይ የመጨረሻውን መልስ ሰርዛለች። ከጎኑ በትንሹ «2ን አስገብቼ ሞከርኩት፣ አልሆነም» ብላ ጽፋለች። ከታች እንደገና ሠርታ አግኝታዋለች። ኅዳር ላይ «ሒሳብ አይገባኝም» ያለችው ልጅ የራሷን ሥራ ራሷ መርምራለች፤ አጠገቧ ማንም ሳይኖር።

የተሳሳተቻቸውም ተለውጠዋል። ክፍልፋይ ላይ አንድም ስህተት የለም። ቃል የበዛባቸው ጥያቄዎች ላይ አሁንም ትቸገራለች፤ ሁለቱን ጨርሶ አልነካችም፣ በእንግሊዝኛው ምክንያት። ይህ ረጅም ሥራ ነው። አለመመጣጠን ላይ ደግሞ በኔጋቲቭ ስታካፍል የ«ያንሳል»ን ምልክት አልገለበጠችም። ይህን ገና አላስተማርኳትም፣ ተራው ደርሷል።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ነነዌ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ አያቷ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ለሁለት ቀን ያሰብኩበትን ማብራሪያ ይዤ ሄድኩ፤ የቁጥር መስመርም ሥዬ ነበር።

ከ5፣ 3 ያንሳል ብዬ ጻፍኩ። «ሁለቱንም በ-1 ብናባዛስ?»

መስመሩን ሳላወጣ የዱቤውን ደብተር ሳበችው። «ጋሼ፣ 3 ብር ያለው 5 ብር ካለው ያንሳል። የ3 ብር ዕዳ ያለበት ግን የ5 ብር ዕዳ ካለበት ይሻላል። ዕዳ ሲሆን ይገለበጣል።»

ደብተሯ ላይ አስጻፍኳት፣ በራሷ ቃል። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቅዳሜ ከዚህ እንቀጥላለን።